ዳገት ብቻውን ብስክሌተኛ አያወጣም

ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣው አስፋልት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በፈረንሳይ ዙር ውድድር (ቱር ደ ፍራንስ) ስሙ የገነነው አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚጨምረው ከፍታም ከ1,100 ሜትር እምብዛም አይርቅም። ደጀን ላይ ወጥቶ በቢቸና በኩል ወደ ዲማ የሚያቀና መንገደኛ አየሩ በሳሳ ደጋ ላይ ይጓዛል። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የአውሮፓ ቡድኖች ተወዳዳሪዎቻቸውን ለሳምንታት ወደ ተራራ የሚያወጡት፣ ለሆቴልና ለሐኪም የሚከፍሉት፣ እዚህ ሰው ተወልዶ የሚያድግበትን አየር ፍለጋ ነው። ታዲያ ከዲማና ከአካባቢዋ በዓለም ትልቁ የብስክሌት እርከን የሚወዳደር ወጣት ስሙ ያልተሰማው ለምንድን ነው? ጥያቄው የጎጃም ብቻ ሳይሆን የመላ ኢትዮጵያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ «ችሎታ ያለውን ልጅ ፈልጎ የሚያወጣ የለም» ይላል፣ ሌላው «ብስክሌቱ ውድ ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን የአንድ ወጣት ብስክሌተኛ የሙያ ጅማሬ በአብዛኛው የሚወሰነው ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ከ14 እስከ 20 ባለው ዕድሜው ስንት ጊዜ ተወዳድሯል በሚለው ነው የሚል ነው። ሳንባውና ተራራው አለን፤ የጎደለን የውድድር ቀን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጀመሪያ ሙያው ራሱ እንዴት እንደሚጀመር እንመልከት። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ወጣቶችን በዕድሜ ይከፍላል፦ 17 እና 18 ዓመት የታዳጊዎች፣ ከ19 እስከ 22 ደግሞ ከ23 ዓመት በታች የሚባለው እርከን ነው። ከዚያ በላይ ያለው የዋናዎቹ ዓለም ሲሆን በጫፉ ላይ ወርልድ ቱር የሚባለው የ18 ቡድኖች ማኅበር ተቀምጧል። ወደዚህ እርከን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ወጣት በደንቡ መሠረት ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይሰጠዋል። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ግን በዓመት ከ60 እስከ 80 ቀን በሚወዳደሩ ሰዎች መካከል፣ ቋንቋ እየተማሩ፣ ብርድ እየለመዱ፣ ለቡድን መሪ ውኃ እያመላለሱ ራስን ለማሳየት አጭር ነው። ደግሞም የመግቢያው ዕድሜ እያነሰ ሄዷል። ቤልጅጋዊው ሬምኮ ኢቨነፑል በ2019 ከታዳጊዎች እርከን በቀጥታ ወደ ወርልድ ቱር ገባ። ኮሎምቢያዊው ኢጋን በርናል በዚያው ዓመት በ22 ዓመቱ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ስሎቬናዊው ታዴ ፖጋቻር በ2020 ቱሩን የጨረሰው 22ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። እነዚህ ልጆች ውል ሲፈርሙ ጀማሪ አልነበሩም፤ ከልጅነታቸው ጀምረው በየሳምንቱ የተወዳደሩ፣ ብዙ ጊዜ የወደቁ፣ ብዙ ጊዜ የተሸነፉ ነበሩ። እንግዲህ በ19 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርስ ብስክሌት ላይ የሚወጣ የኛ ልጅ ከማን ጋር እንደሚለካ ማሰብ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። የብስክሌት ውድድር ወደ አካባቢያችን የመጣው በጣልያኖች ዘመን በአስመራ በኩል ነው። መጀመሪያ የአገሬው ሰው ከነጮቹ ጋር እንዳይወዳደር ተከልክሎ ነበር፤ በ1939 ሲፈቀድ ግን ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ቀድሞ ገባ። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ይዛ የሄደቻቸው ስፖርቶች አትሌቲክስና ብስክሌት ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በዚያም፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሮምም ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ሮም 1960 በሕዝቡ አእምሮ የአበበ ቢቂላ ነው፤ ግን በዚያው ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ሁለቱ ስፖርቶች ከአንድ መነሻ ተነስተው መንገዳቸው ለምን ተለያየ? ሩጫው በክብር ዘበኛ፣ በጦሩና በፖሊስ ክለቦች ውስጥ ደመወዝ፣ አሰልጣኝና ቋሚ ውድድር አገኘ፤ ከመሐል አገር እስከ ጠረፍ ተዳረሰ። ብስክሌቱ ግን በአስመራና በዙሪያዋ እንደተተከለ ቆየ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ማሊያ ከለበሱት ብስክሌተኞች ብዙዎቹ ከዚያው የመጡ ነበሩ። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ያጣችው ተወዳዳሪዎችን ብቻ አልነበረም፤ ተወዳዳሪ የሚያወጣውን ልማድ አጣች። ያ ልማድ ከድንበሩ ወዲህ በቅርብ የቀረው በትግራይ፣ በተለይ በመቀሌ ነበር።

የዘመናችን ምስክርም ከዚያው ይነሳል። ጽጋቡ ግርማይ በ1991 በመቀሌ ተወለደ። ከተማዋ ክለብ ነበራት፤ ሰው ወጥቶ የሚያየው ውድድር ነበራት፤ ትልልቆቹን እያየ የሚከተል ታዳጊ ነበራት። ጽጋቡ በ2012፣ ገና 20 ዓመቱ ሳለ፣ የደቡብ አፍሪካውን ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ተቀላቀለ፤ በ2013 በታይዋን ዙር አንድ ቀን አሸነፈ። በ2015 ወደ ጣልያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ሲዛወር በወርልድ ቱር ቡድን የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2016 ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ማንበብ ይቻላል። አንደኛው ልጁ ወደ አውሮፓ ከመሻገሩ በፊት የነበረው መሠረት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሜዳ ታፍሶ የተወሰደ ሳይሆን በከተማው በተደጋጋሚ ተወዳድሮ የበቃ ነበር። ሁለተኛው በመካከል የነበረው ድልድይ ነው። ኤምቲኤን ኩቤካ አፍሪካዊ ቡድን ስለነበር ወጣቱን ከአፍሪካ ውድድር ወደ እስያና ወደ አውሮፓ ደረጃ በደረጃ አሻገረው። ይኸው ቡድን በ2015 ቱር ደ ፍራንስ ሲጋበዝ በአፍሪካ የተመዘገበ የመጀመሪያው ቡድን ነበር፤ በዚያው ዓመት ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ለጥቂት ቀናት የተራራ ንጉሡን ባለነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። ቡድኑ ስሙን እየለዋወጠ ቆይቶ በ2021 መጨረሻ ስፖንሰር አጥቶ ሲዘጋ ድልድዩም አብሮ ፈረሰ።

የጽጋቡን ቀጣይ ዓመታት ስንመለከት የሙያው ጠባይ ይበልጥ ይገለጣል። ከ2014 እስከ 2019 ባለው ጊዜ አምስት ማሊያ ለበሰ፦ ኤምቲኤን ኩቤካ፣ ላምፕሬ ሜሪዳ፣ ባሕሬን ሜሪዳ፣ ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ ሚቸልተን ስኮት። ይህን አንዳንዱ እንደ አለመርጋት፣ ሌላው እንደ ተፈላጊነት ሊያየው ይችላል። ትክክለኛው ንባብ በሁለቱ መካከል ነው። በወርልድ ቱር አብዛኛው ተወዳዳሪ ለማሸነፍ አይቀጠርም፤ መሪውን ከነፋስ ለመጋረድ፣ ከመኪናው ውኃ ለማመላለስ፣ ያመለጠውን ለማሳደድ፣ ጎማ ለፈነዳበት መሪ የራሱን ብስክሌት ሰጥቶ ለመቅረት ይቀጠራል። በጅምላ ሲጋለብ ከሌላው ጀርባ የተጠለለ ሰው ጉልበቱን እስከ ሲሶ ይቆጥባል፤ ስለዚህ ነፋሱን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ስሙ በውጤት መዝገብ ላይ ከታች ይጻፋል፤ ቡድኑ ግን ዋጋውን ያውቃል። በኢትዮጵያ የስፖርት ዜና ሜዳሊያ ካልመጣ ተሳትፎ እንደ ሽንፈት ይቆጠራልና ይህ ዓይነቱ ሥራ አድናቂ አላገኘም። በአምስት ቡድኖች ተፈልጎ የሠራ ሰው ግን በሙያው ተሳክቶለታል። የአንድ ወጣት ጅማሬ የሚለካው ስንተኛ ወጣ በሚለው ሳይሆን ሁለተኛ ውል አገኘ ወይ በሚለው ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ሁለት ወጣቶችን ብናነጻጽር ብዙ እንማራለን። በ1999 የተወለደው ኢትዮጵያዊው ሙሉ ኃይለሚካኤል እና በ2000 በአስመራ የተወለደው ቢንያም ግርማይ በ2020 በአንድ የፈረንሳይ ቡድን ውስጥ ተገናኙ፤ ቡድኑ ዴልኮ ይባላል። ሙሉ በዚያው ዓመት በሩዋንዳ ዙር ከኪጋሊ ሁዬ የተደረገውን ሁለተኛ ቀን አሸነፈ። ቡድኑ በ2021 ገንዘብ አጥቶ ሲፈርስ ሁለቱም መንገድ ላይ ሊቀሩ ነበር። ቢንያም በዓመቱ አጋማሽ ወደ ቤልጅጉ ኢንተርማርሼ ተሻገረ፤ ሙሉም በ2022 ወደ ስፔኑ ካኻ ሩራል ገባ። ከዚያ በኋላ ቢንያም በ2022 ጌንት ቬቨልገምን አሸነፈ፣ በጂሮ ዲ ኢታሊያ አንድ ቀን አሸነፈ፤ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ልዩነቱን በተፈጥሮ ችሎታ ብቻ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቢንያም ብርቅ መሆኑም አይካድም። ግን ከውሉ በፊት ምን እንደነበረው እንይ። በ2018፣ ገና ታዳጊ ሳለ፣ በስዊዘርላንድ ኤግል በሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማዕከል ነበር፤ በዚያ ዓመት ቤልጅግ ውስጥ በተደረገ የታዳጊዎች ውድድር ኢቨነፑልን ቀድሞ አንድ ቀን አሸንፏል። በ2019 በ18 ዓመቱ በጋቦን ዙር ዋናዎቹን ቀድሞ ገባ። ማለትም ዴልኮ ሲደርስ የአውሮፓን ጠባብ መንገድ፣ የጎን ነፋስና የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ግፊያ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ከዚያ በፊትም በአስመራ ጎዳና ላይ በየሳምንቱ ተፈትኗል።

የቢንያም ድል ሌላም ነገር ያፈርሳል። «እኛ ደገኞች ነን፣ ስለዚህ በተራራ እንጂ በሜዳ አናሸንፍም» የሚለው አነጋገር በየቦታው ይሰማል። አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ልጇ ግን አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው በሜዳው ፍጻሜ፣ በፍጥነትና በቦታ አያያዝ ነው። ከፍታው ሳንባ ይሰጥ ይሆናል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሰው ትከሻ ጋር እየተጋፉ መስመር መያዝን ግን አይሰጥም። ያ በመወዳደር ብቻ የሚገኝ ነው። የኮሎምቢያ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አንዲስ ተራራ እንደኛው ደጋ ነው፤ የበርናል ከተማ ዚፓኪራ ከደብረ ማርቆስ ትበልጣለች፣ 2,650 ሜትር ላይ ናት። ኮሎምቢያውያን ግን በተራራቸው አልተመኩም። በ1951 የአገራቸውን ዙር ጀመሩ፤ ከተማ ለከተማ፣ ሸለቆ ለሸለቆ እየተወዳደሩ ትውልድ አሳደጉ። ሉቾ ኤሬራ በአልፕ ዱዌዝ ያሸነፈው በ1984 ነው፤ በርናል ቱሩን የወሰደው በ2019። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጀመሪያው የቱር ቀን ድል 33 ዓመት፣ እስከ አጠቃላይ አሸናፊው ቢጫ ማሊያ 68 ዓመት ፈጅቷል። የሩዋንዳ ዙር ደግሞ በ1988 ተጀመረ፤ በ2009 ወደ ዓለም አቀፍ መዝገብ ገባ፤ በ2025 ኪጋሊ የዓለም ሻምፒዮናን ያስተናገደች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ከተማ ሆነች። ሁሉም ጋ የመጀመሪያው ነገር በአገር ውስጥ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚደረግ ውድድር ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ልማዱ በያዘበት ቦታ እንኳ ሰላም አላገኘም። በ2020 የተጀመረው የትግራይ ጦርነት የመቀሌን ጎዳና ዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ክለቦች ተበተኑ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለአንድ ብስክሌተኛ ከ18 እስከ 20 ያሉት ሁለት ዓመታት ተመልሰው አይገኙም። የሴቶቹ ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያን ወክላ ተሰለፈች። እየሩ ገብሩ ግን ሌላ ዕጣ ደረሳት። በዓለም ብስክሌት ማዕከል የሠለጠነችው የትግራይ ልጅ በጦርነቱ ምክንያት ወደ አገሯ መመለስ ሳትችል ቀርታ በፈረንሳይ ጥገኝነት ጠየቀች፤ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ማሊያ ነው። አገሪቱ ያፈራቻትን ሴት ሌላ ባንዲራ ሥር ስታይ መቆጨት ያለባት በልጅቷ ላይ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከዚያው አካባቢ ወላይ ሓጎስ በርሀ በ2023 የአውስትራሊያውን ጄይኮ አልኡላ መቀላቀሉ ሥር የያዘ ልማድ በቀላሉ እንደማይነቀል ያሳያል። ግን ሥሩ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አንድ ጦርነት፣ አንድ ድርቅ፣ አንድ የበጀት ቅነሳ ስፖርቱን ከነአገሩ ሊያጠፋው ይችላል። ስፖርቱ ወደ ሌሎች ደጋዎች፣ ወደ ጎጃምም ጭምር መዛመት ያለበት ለክልል ኩራት ሳይሆን ለዚህ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ዕድሜ አይወስንም፤ ዘግይተው የጀመሩ አሉ» የሚል ነው። እውነት ነው። ስሎቬናዊው ፕሪሞዥ ሮግሊች በታዳጊነቱ የበረዶ ስኪ ዘላይ ነበር፤ ብስክሌት የያዘው 20ዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካናዳዊው ማይክል ውድስ ጥሩ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር፤ ጉዳት ከሩጫ ሲያስወጣው ወደ ብስክሌት ዞረ። ታዲያ የኛን ሯጮች ለምን አናዞራቸውም የሚሉ አሉ፤ ከጎጃም ምድር እንደ ውዴ አያሌው ያለች በ2009 በርሊን ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘች አትሌት ወጥታ የለ? ግን ሁለቱ ሰዎች የዞሩት የት ነው? ስሎቬናዊው በየሳምንቱ ውድድር ባለበት መካከለኛው አውሮፓ፣ ካናዳዊው በሰሜን አሜሪካ የውድድር መድረክ ነው። ዘግይተው ቢጀምሩም የጎደላቸውን ቀን በፍጥነት የሚሞሉበት ቦታ ነበራቸው። ውድስም ጥንካሬው ሙሉ ሆኖ ሳለ በጅምላ መካከል መጋለብን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ብዙ ወድቋል። ልዩ የሆኑት ሰዎች ሕጉን አያፈርሱም፤ የውድድር ቀን ከሌለ ዘግይቶ መጀመርም እንደማይሠራ ያጸናሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። አንድ ሯጭ ጫማ ካለው ይወጣል፤ ብስክሌተኛ ግን ኮርስ ብስክሌት፣ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ካቴና፣ ካምቢዮ፣ የራስ ቁር፣ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። የወርልድ ቱር ብስክሌት ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ይህ ትልቅ እንቅፋት መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አንደባልቅ። የ14 ዓመት ታዳጊ የፖጋቻርን ብስክሌት አያስፈልገውም፤ ሁሉም ልጆች ተመሳሳይ ያረጀ ብስክሌት ከያዙ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው። ውድድሩ የሚያስተምረው ነገር፣ ማለትም መቼ ማምለጥ፣ ከማን ጀርባ መጠለል፣ በቁልቁለት እንዴት መታጠፍ፣ ከብረት በተሠራ ብስክሌት ላይም ይማሩታል። አስመራም ለረጅም ዘመን የሠራችው እንዲሁ ነው፤ ብስክሌት በአንድ ሰው እጅ አያልቅም፣ ተጠግኖ ለታናሽ ይተላለፋል። ባሕር ዳር ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ የሆነባት ከተማ ሆና ስትታወቅ የኖረች ናት፤ ይህ ሁሉ ብስክሌት በአካባቢው የውድድር ባህል ሳያፈራ መቅረቱ ችግሩ በእቃ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል። ብስክሌት ኖሮ ውድድር ከሌለ ጋላቢው መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ውድድር ካለ ግን ብስክሌቱ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ክለብም ነጋዴም ስፖንሰርም የሚሰበሰቡት ሕዝብ ወጥቶ በሚያየው ነገር ዙሪያ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «አሁን ጊዜው ነው ወይ?» ይላል። በአማራ ክልል ከ2023 ወዲህ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲቋረጥ፣ ሰው ሲሞት ስለ ብስክሌት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ሰላም ከሌለ ጎዳና ላይ ውድድር የለም፤ ይህን የመቀሌ ታሪክ ከማንም በላይ ያሳያል። የዓባይ በረሃ መንገድም ለከባድ መኪናና ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ ነው፤ ልጆችን እንዲሁ ልቀቁበት የሚል የለም። ግን ተቃውሞው «አሁን አይደለም» ሲል «መቼም አይደለም» እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ኤርትራ የመጀመሪያውን ዙር ያካሄደችው በ1946፣ ከጦርነት በኋላ ወዲያው፣ ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች ነበር፤ ዙሩ ለአሥርት ዓመታት ተቋርጦም በ2001 ተመልሷል። ሩዋንዳም ከ1994ቱ እልቂት በኋላ ዙሯን መልሳ ያቆመችው ሀብታም ሆና አይደለም። ውድድር በተዘጋ አጭር ዙሪያ፣ በከተማ አደባባይ፣ በእሑድ ጠዋት፣ መኪና ለሁለት ሰዓት አቁሞ ሊጀመር ይችላል። የሚያስፈልገው ፍላጎትና ተደጋጋሚነት ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያዎቹ የረቀቀ ነው፦ «ችሎታ ያለውን አንድ ልጅ መርጦ ወደ አውሮፓ መላክ ይቀላል፤ ኤግል ያለው ማዕከል ተቀብሎ ያሠለጥነዋል።» ማዕከሉ ከ2002 ጀምሮ ለብዙ አገር ልጆች በር ከፍቷል፤ ቢንያምና እየሩ ምስክር ናቸው። ሆኖም ማዕከሉ የሚቀበለው አስቀድሞ በውጤት የታየን ልጅ ነው፤ ውጤት ደግሞ ከውድድር ይመጣል። ቡድኖችም ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ትዕግሥት የላቸውም። ከ2020 እስከ 2022 ባለው ዙር ነጥብ ያነሳቸው ሁለት ቡድኖች ከወርልድ ቱር ከወረዱ ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን ነጥብ ይቆጥራል፤ ሁለት ዓመት ቋንቋና ብርድ ሲለምድ ለሚያሳልፍ ጀማሪ ቦታ እየጠበበ ነው። ቪዛውም ሌላ ግድግዳ ነው፤ አፍሪካዊ ተወዳዳሪ በኤምባሲ ደጅ ተሰልፎ የውድድር ቀን ሲያልፈው ማየት የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ የሚላከው ልጅ አውሮፓ ሲደርስ የሚማርበት ጊዜ ስለሌለው ተምሮ መድረስ አለበት። አንዱን መርጦ መላክ በራሱ የሚቆም ዘዴ ሳይሆን ከብዙ ውድድር በኋላ የሚመጣ ፍሬ ነው።

ዲማ ይህን ከማንም በላይ ልትረዳው የሚገባ ቦታ ናት። የዲማ ጊዮርጊስ ደብር በቅኔ ትምህርት የታወቀ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን በልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ዋና ስፍራ ነው። ቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩን በችሎታው ብቻ ባለቅኔ አያደርገውም። ጀማሪው ከጉባኤ ቃና ይነሳል፤ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም ይደግማል። መወድስ ላይ የሚደርሰው በዚህ ድግግሞሽ እንጂ አንድ ቀን በተገኘ ብልጭታ አይደለም፤ ባልንጀራው ሲቀኝ እየሰማ፣ ሲበለጥ እየተናደደ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው። የብስክሌት ትምህርትም እንዲሁ ነው። ጎጃም ለዘመናት ሊቅ ያፈራችበትን ስልት ለልጆቿ እግር ብትሰጠው ዕዳ አይሆንባትም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ብያኔ አጭር ነው። ኢትዮጵያ ቀጣዩን ጽጋቡን የምታገኘው በማፈላለግ ሳይሆን በማወዳደር ነው። የብስክሌት ፌዴሬሽኑና የክልሉ ስፖርት ቢሮ ሊሠሩት የሚገባው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ዙር ማዘጋጀት አይደለም፤ በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት፣ በተወሰኑ ከተሞች፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ ከ14 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ታዳጊዎች የሚሳተፉበት፣ የማይቀር የቀን መቁጠሪያ ማውጣት ነው። ውጤቱ ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ የዘንድሮው ልጅ የመጪው ዓመት ተፎካካሪው ማን እንደሆነ ይወቅ። ሴቶቹ ከመጀመሪያው ቀን በእኩል ርቀትና በእኩል ሽልማት ይካተቱ። መቀሌ ዳግም ክለቦቿን ስታቋቁም ከጎጃም ጋር መወዳደር ትችል፤ ባላንጣነት በጎዳና ላይ ሲሆን ይጠቅማል። ወላጆችም ልጃቸው አሥረኛ ወጥቶ ሲመለስ «ለምን አልቀደምክም?» ከማለት በፊት ከማን ጋር እንደተወዳደረ ይጠይቁት። የዓባይ ዳገት ዛሬም ነገም እዚያው አለ፤ ሰላሙ ሲወርድ በየእሑዱ የሚወዳደሩበትን ልጆች ማዘጋጀት ግን የሰው ሥራ ነው፣ ሊጀመርም የሚገባው አሁን ነው።